እጃቸውን የሰበሰቡ ሰዎች ደሴት

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና አዳምጡኝ። መንገዱ ረጅም ነው፤ እኔም አልቸኩልም፣ እናንተም አትቸኩሉ። የምወስዳችሁ ወደ ካሪቢያን ባሕር ነው። ከቬኔዝዌላ ጠረፍ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ቦኔር የምትባል ደሴት ትገኛለች፤ ቁመቷ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሕዝቧም 25,000 ገደማ ነው። ዋና ከተማዋ ክራለንዳይክ ትባላለች። ከተማ ስላት ሕንፃ የተደራረበባት እንዳትመስላችሁ። ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም የተቀቡ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ በባሕሩ ዳር የሚሄድ አንድ መንገድ፣ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ፣ ከዚያም በየእንግዳ ማረፊያው ደጅ ታጥቦ የተሰጣ የጎማ ልብስ ታያላችሁ። ያ ልብስ የጠላቂዎች ነው። ከአሜሪካም፣ ከሆላንድም፣ ከሌላም ሩቅ አገር እየተነሱ፣ አየር የተሞላ ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ወደ ባሕሩ ሆድ ለመግባት የሚመጡ እንግዶች ናቸው፤ ከተማዋም በአብዛኛው የምታድረው በእነርሱ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምነግራችሁ ከወዲሁ ያዙልኝ።

አስቀድሜ ስለ ነፋሱ ልንገራችሁ፤ ነፋሱን ያላወቀ ደሴቲቱን አያውቃትም። ከምሥራቅ ነው የሚነሣው፤ ክረምት ከበጋ ይነፍሳል፣ ሌሊትም ብዙ አያርፍም። ዲቪዲቪ የሚባለው ዛፍ ቀጥ ብሎ ማደግ አልሆንለት ብሎ ግንዱ ይጎብጣል፣ ቅርንጫፉም ሁሉ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ዛፉን አይቶ አቅጣጫውን ያውቃል። በምሥራቁ ዳርቻ ማዕበሉ ቋጥኙን ሲደበድበው ይውላል፣ ሰው ደፍሮ አይገባበትም። በምዕራቡ በኩል ግን ደሴቲቱ ራሷ ነፋሱን ስለምትከልለው ባሕሩ ረግቶ ይተኛል፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው እዚያው ከለላው ላይ ነው። ዝናቧ ጥቂት ነው፣ የሚረባ ወንዝም የላትም። ምድሯ እሾህና ቁልቋል ነው፤ ሰዉ ግቢውን የሚያጥረው በቁልቋል ነው፣ በአጥሩ ሥር ፍየል ይግጣል፣ አህያም መሀል መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ያስቆማል። ገበሬ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝንላታል። ነገር ግን ወንዝ ስለሌላት ጭቃ ወደ ባሕሩ አይወርድም፤ ጭቃ ስለማይወርድ ውሃው ጥርት ብሎ 30 ሜትር ርቆ ያለውን ዓሣ ያሳያል፤ ውሃው ስለጠራም ብርሃን ወደ ታች ይዘልቃል፤ ብርሃን ስለዘለቀም ኮራሉ ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ ሳይርቅ ይበቅላል። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ነው፤ ጥቃቅን ፍጥረታት በሺህ ዓመታት ውስጥ እየተደራረቡ የገነቡት ነው፣ ዓሣውም የሚጠለለው፣ የሚመገበው፣ የሚራባው እዚያ ነው። ፈጣሪ በምድሯ የነፈጋትን በባሕሯ አደላት።

ወደ ጠላቂዎቹ ከመድረሳችን በፊት ግን ወደ ደቡብ ልውሰዳችሁ፣ ወደ ጨው ሜዳው። ይህን ሳያዩ ማለፍ ለእኔ ልክ አይመስለኝም። ደቡቡ ሜዳ ነው፣ ከባሕሩ ብዙም ከፍ አይልም። ባሕሩን በቦይ ወደ ሰፋፊ ገንዳ ያስገቡታል፤ ከዚያም ለፀሐይና ለነፋስ ይተዉታል፤ ከዚያም ውሃው እየተነነ፣ ጨዉ እየጠነከረ ሲሄድ፣ በጨው ውስጥ መኖር የሚችሉ ደቂቅ ሕያዋን ገንዳውን ሮዝ ያደርጉታል፤ በመጨረሻም ውሃው አልቆ ጨዉ ይቀራል። ተዝቆ ሲከመር ነጭ ኮረብታ ይሆናል፣ መርከበኛም ከሩቅ ያየዋል። ሆላንዶች በ1636 ደሴቲቱን ሲይዙ ዓይናቸው በዚህ ጨው ላይ ነበር፤ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣቸውን ሳይበላሽ የሚያቆዩት በጨው ነበርና። ጨዉን የሚቆርጥ ጉልበት ሲያስፈልጋቸውም ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎችን አመጡ። በዚያ ንጣት ላይ፣ ፀሐይ ከላይም ከታችም ዓይን በሚያጠፋበት ሜዳ ላይ፣ ሰው ልጅ ሳለ ገብቶ እስኪያረጅ ጨው ሲቆርጥና ሲሸከም ኖረ። የኋላ ኋላ ባለቤታቸው መንግሥት ራሱ ሆነ፤ የንጉሥ ባሮች ተባሉ።

ከመንገዱ ዳር፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ያዞሩ፣ በ1850 የተሠሩ ትንንሽ የድንጋይ ጎጆዎች ዛሬም ተደርድረው ቆመዋል። በራቸው ከሰው ወገብ አይበልጥም። ለመግባት መንበርከክ ነው፤ ውስጡም ሰው የሚጋደምበትና ጨርቁን የሚያኖርበት እንጂ ሌላ የለውም። ዛሬ ከባሕሩ የወጣ ጠላቂ ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ ወደ አንዷ ይጠጋል፤ ጎንበስ ይላል፤ አንድ እጁን ከበሩ መቃን ላይ አድርጎ ጭንቅላቱን ብቻ ያስገባል፤ ከዚያም ቀና ሲል ከጓደኞቹ ጋር የጀመረውን ወሬ አይቀጥልም። ከጎጆዎቹ አጠገብ ረዘም ረዘም ያሉ የድንጋይ ሐውልቶች አሉ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ናቸው። ለጨው የመጣ መርከብ የትኛው ገንዳ ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚጭን የሚያውቀው በቀለማቸው ነበር።

ቤተሰባቸው ግን በዚያ አልነበረም። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው የሚኖሩት በሪንኮን ነበር። ሪንኮን ከደሴቲቱ መንደሮች ሁሉ ቀዳሚዋ ናት፤ ስፔኖች በ1500ዎቹ የቆረቆሯት በሰሜኑ ኮረብታዎች መካከል፣ ከባሕር በማትታይ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ የባሕር ወንበዴ ዓይን እንዳይደርስባት። ከጨው ሜዳው እስከ ሪንኮን በእግር ሰባት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የሳምንቱ ሥራ ሲያበቃ ያን መንገድ ይጀምሩት ነበር። እስቲ ከኋላቸው ሆነን እንከተላቸው። ባሕሩ በግራቸው ነው፣ ነፋሱ በቀኛቸው ነው። መንገዱ በመጀመሪያ ሜዳ ነው፣ ጨውና የተሰባበረ ኮራል ነው፣ ባዶ እግርን ይቆርጣል። ከዚያም ትንሿን ወደብ ያልፋሉ፤ ከዚያም ምድሩ ከፍ ማለት ይጀምራል፣ ቁልቋሉ ግራና ቀኝ ይቆማል፣ ነፋሱም በቁልቋሉ መካከል ሲያልፍ ይጮኻል፤ ከዚያም ኮረብታውን ይወጣሉ፣ ከዚያም ሸለቆው ከታች ይታያቸዋል። ደጅ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅ እናት፣ አባቱን ያየ ልጅ፣ የተጣደ ምግብ። ምን እንደተባባሉ የጻፈልን የለም፤ ግን እናንተም እኔም እናውቀዋለን። ከዚያም እሑድ ይመጣል፣ ያንኑ ሰባት ሰዓት ወደ ጨዉ ይመለሳሉ። ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ፣ እግርም ያን መንገድ አልረሳም። ጁላይ 1 ቀን 1863 የሆላንድ መንግሥት በእነዚህ ደሴቶች ላይ ባርነትን አስቀረ። ዛሬ ኤፕሪል 30 በየዓመቱ የሪንኮን ቀን ይከበራል፤ የደሴቲቱ ሰው ሁሉ ወደ ሸለቆው ይወጣል፣ በፓፒያሜንቱ ቋንቋቸው ይዘፍናሉ፣ የፍየል ወጥና የቁልቋል ሾርባ ይቀርባል።

ከነፃነቱ በኋላ ጨዉ ተዳከመ፣ ደሴቲቱም ከሳች። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኩራሳዎና በአሩባ የነዳጅ ማጣሪያ ሲከፈት ብዙዎቹ ወንዶች ወደዚያ ሄዱ፤ ገንዘብ ለቤት ይልካሉ፣ የቀረው ደግሞ ዓሣ ያጠምዳል፣ ፍየል ይጠብቃል። በ1960ዎቹ የጨዉ ሥራ በማሽን እንደገና ተነሣ። በዚያ ጊዜ አንድ መልካም ነገር ተደረገ፤ በገንዳዎቹ መካከል ፔከልሜር የሚባለው ስፍራ ለፍላሚንጎዎች ተለይቶ ተተወ፣ ሰው እንዳይገባበት ተከለከለ። ፍላሚንጎ ጎጆውን በጭቃ የሚሠራ ድንጉጥ ወፍ ነው፣ ከደነገጠም እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል። ጨው አምራቹ ከእነርሱ ጋር ጎን ለጎን መኖር ቻለ።

ከዚያም 1962 ደረሰ። ሜይ 21 ቀን ቫለሪ ክዊን የምትባል ባለ ሸራ መርከብ ወደ ክራለንዳይክ ተጠጋች፤ በላይዋም ዶን ስቱዋርት የሚባል ካሊፎርኒያዊ ነበር፣ ኋላ አገሩ ሁሉ ካፒቴን ዶን ያለው ሰው። በኪሱ የነበረው 63 ሳንቲም ብቻ ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ወደ ውሃው ገባ፣ ያየውንም ማመን አቃተው። ነገር ግን የመጣው ሊጠብቅ አልነበረም፤ በባሕር ውስጥ በጦር ዓሣ ይወጋ ነበር፣ የሚያማምሩትንም እየያዘ በመስታወት ገንዳ ለሚያረቡ ሰዎች ይሸጥ ነበር። ከዚያም እንግዳ ወደ ውሃው ማስገባት ጀመረ፣ በደሴቲቱ የመጀመሪያው የጠላቂዎች አስጎብኚ ሆነ፤ ከዚያም እንግዶቹ በበዙ ቁጥር፣ መልሕቅ ኮራል ላይ ሲወድቅና ሲሰብረው ባየ ቁጥር፣ በጦር የተወጋው ትልቅ ዓሣ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲሄድ፣ ልቡ ተመለሰ። ጦሩን ጣለ። ሌላው እንዲጥልም መሟገት ያዘ። በ1976 ለጠላቂዎች ብቻ የታሰበ ማረፊያ ከፈተ፤ በ2014 እስኪሞትም ድረስ ከዚያች ደሴት ልቡን አልነቀለም።

ነገሩን ሁሉ ለአንድ ነጭ መርከበኛ የሚሰጡት ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። እርሱ ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1961፣ ደሴቲቱ የባሕር ኤሊን እንቁላልና ጎጆ የሚጠብቅ ሕግ አውጥታ ነበር። በ1971 በባሕር ውስጥ በጦር ዓሣ መውጋት ተከለከለ። በ1975 ኮራል መስበርና መውሰድ ተከለከለ፤ የሞተውም ቢሆን። በ1979 ደግሞ ደሴቲቱን የከበበው ባሕር በሙሉ፣ ማዕበሉ ከሚደርስበት ዳርቻ አንስቶ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት፣ ፓርክ ተባለ። ጀልባም በኮራሉ ላይ መልሕቅ መጣሉ ቀርቶ፣ ከታች በተተከለ ገመድና ተንሳፋፊ ላይ እንዲታሰር ሆነ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ባሕሩ ገና ሙሉ ሳለ ነው። ረኃብ ያየ ሰው ቁራሹን ቢቆጥብ አይደንቅም፤ ጎተራው ሞልቶ ሳለ እጁን የሚሰበስብ ግን ጥቂት ነው። እነዚያ ልጆቻቸውን ከዚያው ባሕር የሚመግቡ ሰዎች ሕጉን ተቀበሉት፣ ኖሩበትም። ዓሣ አጥማጁ ዛሬም በጀልባው ወጥቶ በመንጠቆ ያጠምዳል፤ እርሱ አልተከለከለም።

ቀላል ነበር ግን አልልም። ለፓርኩ መነሻ የተሰጠው ገንዘብ በ1980ዎቹ አጋማሽ አለቀ። ጠባቂ የሚከፈለው አጣ፣ ፓርኩም ለዓመታት በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። በ1991 እንደገና ተነሣ፣ በ1992 ደግሞ እያንዳንዱ ጠላቂ 10 ዶላር ይክፈል ተባለ። እንግዳው ይሸሻል ብለው የፈሩ ነበሩ። እንግዳው ከፈለ፣ መለያውንም በዕቃው ላይ አንጠለጠለው፤ ፓርኩም በዚያ ገንዘብ ራሱን ቻለ። ክፍያው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፣ እንግዳውም ይከፍላል።

አሁን የእንግዳውን ቀን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ባሕሩ ሕግ ይነገረዋል፦ ጓንት አይደረግም፣ ምክንያቱም ጓንት ያደረገ ሰው መንካት ይወዳል፤ ዛጎልም ቢሆን ከባሕር አይወሰድም። ከዚያም ለሙከራ አንዴ ይጠልቃል። ከዚያ በኋላ ነፃ ነው። ፒክአፕ ይከራያል፣ ሲሊንደሮቹን ከኋላ ይደረድራል፣ በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ ይነዳል፤ ከመንገዱ ዳር ቢጫ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ሲያይ ይቆማል። በድንጋዩ ላይ የቦታው ስም ተጽፏል፣ ከድንጋዩም ትይዩ መጥለቂያው አለ። ነዋሪዎቹ አንድ ምክር ይሰጡታል፤ በመኪናው ውስጥ ምንም አትተው፣ መስኮቱንም ክፍት አድርገው፣ ሌባ ሊሰብረው ምክንያት እንዳያገኝ። ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው፣ ተያይዘው፣ በተሰባበረው ኮራል ላይ እየተንገዳገዱ ወደ ውሃው ይገባሉ። ሺህ ደረጃ የሚባል ቦታ አለ፤ ደረጃው ሰባ እንኳ በቅጡ አይሞላም፣ ነገር ግን ሲሊንደር አዝሎ ከባሕር ወደ ላይ የወጣው ሰው ስሙ ልክ ነው ይላል።

ቀኑ ውብ ነው፤ ለእኔ ግን ሌሊቱ ይበልጣል። ጨረቃ ሞልታ ጥቂት ቀን ሲያልፍ፣ ፀሐይ ጠልቃ ጨረቃ ሳትወጣ ባለችው የጨለማ ጊዜ፣ ጠላቂዎች ወደ ውሃው ይገባሉና ወርደው መብራታቸውን ያጠፋሉ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። የራስ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ የአየሩ አረፋ ወደ ላይ ሲወጣ። ሰው እጁን ዘርግቶ የጓደኛውን ክንድ ይፈልጋል። ከዚያም ከኮራሉ ራስ አጠገብ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ትበራለች፤ ከላይዋ ሌላ፤ ከላይዋ ሌላ፤ እንደ ተሰካ ዶቃ ሆነው ይወጣሉ፣ ከዚያም ከታች ያሉት አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ቀኝ ዞር ሲሉ ሌላ፣ ግራ ዞር ሲሉ ሌላ፣ ጥቂት ቆይቶ ኮራሉ ዙሪያውን በሰማያዊ ሰንሰለት ይሞላል። ይህን የሚያደርገው ኦስትራኮድ የሚባል፣ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ወንድ ፍጥረት ነው፤ ሴቷን የሚጠራው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ የሆነ አወጣጥ አለው፤ ሴቷም የወገኗን ታውቃለች። ነገሩ ብዙም አይቆይም። ከዚያም ጨረቃ ትወጣለች፣ ሰንሰለቱም ያልቃል፣ ጠላቂዎቹም መብራታቸውን አብርተው ወደ ዳር ይመለሳሉ፤ ከውሃው ሲወጡም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ገፍተው ዝም ብለው ይተያያሉ።

ከከተማዋ በስተ ደቡብ ደግሞ አንድ መርከብ በባሕሩ ወለል ላይ ተኝቷል። ታሪኩ ይህ ነው። በ1984 ክረምት ሂልማ ሁከር የምትባል የጭነት መርከብ ተበላሽታ እየተጎተተች ወደ ክራለንዳይክ ወደብ ገባች። ወረቀት ሲጠየቅ ትክክለኛ ወረቀት ጠፋ። ባለሥልጣናቱ ጥርጣሬ ገባቸውና ውስጧን ፈተሹ፤ ከሐሰተኛ ግድግዳ ጀርባ 11,000 ኪሎ ግራም ያህል ማሪዋና ተገኘ። ባለቤት ነኝ ብሎ የመጣ የለም። መርከቧ ለማስረጃ ተይዛ ወደቡ ላይ ሳለች ውሃ ታስገባ ነበር፤ በየቀኑ በመሣሪያ ይመጠጥላታል። ወደቡ ላይ ብትሰምጥ አገር ይቸገራል ብለው ጎትተው ራቅ ወዳለ ስፍራ አሰሯት። እዚያም ሆና ጥቂት ቀናት አለፉ፣ ከዚያም ሴፕቴምበር 12 ቀን ጠዋት ዘንበል አለች፣ ተጋደመች፣ ወረደች። 72 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ በሁለት የኮራል መስመር መካከል ባለው አሸዋ ላይ፣ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በቀኝ ጎኗ አረፈች። ዛሬ ትልልቅ ዓሦች በጥላዋ ይቆማሉ፤ ለወንጀል የዋለች መርከብ ለእንግዳ ማሳያ ሆነች።

በ2009 ኦክቶበር ደግሞ ያልተጠራ እንግዳ መጣ፤ አንበሳ ዓሣ ይሉታል። አገሩ ሕንድ ውቅያኖስና ፓስፊክ ነው፤ ሰዎች ለጌጥ በመስታወት ገንዳ ሲያረቡት ቆይተው በፍሎሪዳ በኩል ወደ አትላንቲክ እንደገባ ይታመናል። ክንፉ መርዛም ነው፣ የካሪቢያን ዓሦችም አያውቁትምና አይሸሹትም፤ ጫጩቱን ሁሉ ይውጣል። እዚህ ላይ ደሴቲቱ ተቸገረች። ዓሣውን መግደል ግድ ነው፣ መውጊያ ግን ከ1971 ጀምሮ ክልክል ነው። ተመካከሩ፤ ከዚያም ሕጉን ሳያፈርሱ ቀዳዳ አበጁለት፦ ሥልጠና የወሰደና ፈቃድ የያዘ ሰው፣ ለዚሁ በተሠራች አጭር መውጊያ፣ አንበሳ ዓሣን ብቻ። የከተማዋ ምግብ ቤቶችም ጠብሰው ያቀርቡት ጀመር። ለአርባ ዓመት ገደማ የተከበረን ሕግ ለአንዲት ነገር ብቻ ከፍቶ ለሌላው ዘግቶ መያዝ ከባድ ነው፤ ሰው ለሰው ካልተማመነ አይሆንም።

ከከተማዋ ትይዩ ክላይን ቦኔር የምትባል ሰው የማይኖርባት ጠፍጣፋ ደሴት አለች። ከባርነት ማክተም በኋላ፣ በ1868፣ መንግሥት ለግለሰብ ሸጧት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በግል እጅ ቆየች፤ ሆቴል ይሠራባታል የሚል ወሬም በየጊዜው ይነሣ ነበር። የደሴቲቱ ሰዎች ግን ከየአቅጣጫው ገንዘብ አሰባሰቡ፣ በ1999 መልሰው ገዟት። ዛሬ የባሕር ኤሊዎች በአሸዋዋ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ በጎ ፈቃደኞችም በማለዳ አሸዋውን እያዩ የኤሊዋን የእግር ዱካ ይከተላሉ፣ ጎጆውንም ምልክት ያደርጉበታል።

የከተማዋን ሰዎች ጭንቀት ሳልነግራችሁ ብቀር ግን እንግዳውን ብቻ ያየሁ እሆናለሁ። ኦክቶበር 10 ቀን 2010 ቦኔር የሆላንድ ልዩ ማዘጋጃ ሆነች፤ በ2011 መጀመሪያ መገበያያዋ የአሜሪካ ዶላር ሆነ። ሁሉ ነገር በመርከብ የሚገባባት ደሴት ናትና ኑሮው ተወደደ። ከአውሮፓ የመጣ ሰው የባሕር ዳሩን መሬት ሲገዛ የሪንኮን ልጅ ቤት መሥሪያ ያጣል። አንዳንድ ቀን ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ወደቡ ላይ ይቆማሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ለጥቂት ሰዓት ይወርዳል፣ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ከዚያም መርከቡ ጮኾ ይሄዳል። በጃንዋሪ 2024 ስምንት ነዋሪዎች ከግሪንፒስ ጋር ሆነው የሆላንድን መንግሥት በሄግ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ባሕሩ ከፍ እያለ ነው፣ ሙቀቱ ኮራሉንም እኛንም እየጎዳ ነው፣ እንደ ሌላው ዜጋ ጠብቁን ነው ያሉት። እኔ እውነት አላቸው እላለሁ። የገዛ እጃቸውን ሰብስበው ለኖሩ ሰዎች፣ በሌላ አገር ጭስ የሞቀ ባሕር ሲመጣባቸው፣ ጓንት አታድርጉ የሚል ሕግ ምን ይረዳቸዋል?

መከራውም ብቻውን አልመጣም። በ2023 የኮራልን ሥጋ ከአጥንቱ እየገፈፈ የሚገድል በሽታ ደረሰባቸው፤ ከፍሎሪዳ በ2014 ተነስቶ ደሴት በደሴት ሲሄድ የከረመ ነው። መቶ ዓመት የበቀለውን በሳምንታት ውስጥ አጥንቱን ብቻ ያስቀረዋል። አሁን ጠላቂው ከአንዱ ቢጫ ድንጋይ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት መነጽሩንና የጎማ ልብሱን ፀረ ተሕዋስ ባለው ውሃ ያጥባል። ሌሎች ደግሞ የኮራል ቅርንጫፍ በባሕር ውስጥ በተሠራ ማሳደጊያ ላይ አንጠልጥለው ያሳድጋሉ፤ ሲጠነክር ወደ ወለሉ ይመልሱታል። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ፣ ኮራሉ ዘሩን ወደ ውሃው በሚለቅበት ሌሊት በመረብ ይጠብቁታል፣ የያዙትን ወስደው ያፈሉታል፣ ያሳድጉታል፣ ይተክሉታል። የደሴቲቱ ሕፃናትም በፓርኩ ሥር ተሰባስበው ዋና ይማራሉ፣ መጥለቅ ይማራሉ፣ የኮራሉን ዓይነት በስሙ ይለያሉ። ለረጅም ጊዜ ከውሃው በታች ያለውን የሚያየው እንግዳው ብቻ ነበርና ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል መንገድ ቀንቶት ወደዚያች ደሴት የሚሄድ ካለ፣ አንድ ነገር ልለምነው። ሲሊንደሩን ከመጫንህ በፊት መኪናህን ወደ ሰሜን አዙርና ወደ ሪንኮን ውጣ። ጠዋት ከሆነ ከየትኛውም ቤት ስትገባ አስቀድመህ ‹ቦን ዲያ› በል፤ ሳይሰላሙ ዕቃ መጠየቅ በእነርሱ ዘንድ ነውር ነው። ከዚያ የፍየል ወጡን እዘዝ፤ ቀስ ብለህም ብላ። አዛውንት አጠገብህ ከተቀመጡም ስለ ጨው ሜዳው ጠይቃቸው፣ ዝናብ ስለ ዘገየበት ዓመት ጠይቃቸው፣ አባታቸው በየትኛው ማጣሪያ እንደሠራ ጠይቃቸው። ባሕሩ አይሄድብህም፤ ከሰዓትም ትደርስበታለህ።